ሚስ ይመር ተብሎ ሲጠራ

የሌላው ሰው ትዝታ በጠረን ይቀሰቀሳል፣ በዘፈን ይቀሰቀሳል፤ የኔን የቀሰቀሰው አውሮፕላን ላይ የመጣ አንድ የሩዝና የዶሮ ሳህን ነው። ያውም በፎይል የታሸገ፣ ላዩ ላይ ቁራጭ ወረቀት የተለጠፈበት። ከኢስታንቡል ወደ ባንኮክ እየበረርን ነበር። ወደ ጅራቱ ተጠግተን፣ መሀለኞቹ ወንበሮች ላይ እኔ፣ ታላቅ እህቴ ጦይባና ልጄ ሰልማ ተደርድረን ተቀምጠናል። አስተናጋጇ ለሌላው መንገደኛ ሳታድል ሃላል ያዘዙትን እየፈለገች መጣች፤ ወረቀቱን አየት አደረገችና «ሚስ ይመር?» አለች። እጄ ሳላዘው ተነሳ። ኖርዌይ አገር አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ይመር ስባል ኖሬያለሁ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ይመር ነኝ፣ ሥራ ቦታ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውም ካርድ ይመር ነበር የሚለው። ጦይባ ግን ንቅንቅ አላለችም። ለምን ትነቃነቅ? ይመር ማለት እኮ አባታችን ነው። ደሴ ውስጥ አንዲትን ሴት «ይመር!» ብሎ የሚጠራ ቢገኝ ይህ ሰው ደህና አይደለም ይባላል። ሳህኑ እኔ ፊት ተቀመጠ። ጦይባ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ወረቀቱን አነበበች፤ የፈረንጁን ፊደል ከልጅነቷም ጎበዝ ነበረች። «ከይመር ቀጥሎ ቲ ይላል» አለች። «ዘይኑ፣ ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?»

እሷ ስለ ሩዙ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይህ ሁሉ ጉዞ የሰልማ ሥራ ነው። ሰልማ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ሆስፒታል ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት የሆነች፣ አንድ ነገር ካሰበች እናቷ ብትጮኽም የማትሰማ ልጅ ናት። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ላፕቶፗን ይዛ ኦስሎ ዳር ሆልምሊያ ያለው ቤቴ ከች አለችና «ማማ፣ አርባ ዓመት ሠርተሽ ያየሽው ዓለም ሁለት ነው፤ ደሴና ሆልምሊያ» አለችኝ። «ፕሪንስዳልንስ የት ጣልሽው?» አልኳት፤ ከኔ ቤት በእግር የሚደረስበት ሰፈር ነው፣ ጉልበቴን ለማፍታታት በየሳምንቱ እሄዳለሁ። «ናይ፣ ማማ! የምሬን ነው።» እሷ በኖርዌይኛ ናይ፣ አይሆንም፣ ካለች ክርክር የለም። ያን ጊዜ ጦይባ በዘመድ ጥየቃ ለሁለት ወር እኔ ዘንድ መጥታ ነበርና ሰልማ መመለሻዋን አጠማዘዘችው፤ ኢስታንቡል፣ ባንኮክ፣ ኩዋላ ላምፑር፣ በመጨረሻ ዱባይ፤ ከዱባይ ጦይባ ወደ አዲስ አበባ፣ እኛ ወደ ኦስሎ። «ለሁለት አሮጊት ይሄ ሁሉ መነሳትና ማረፍ ምን ይሠራል?» ብላት፣ በቀጥታ ከሚበረው ይልቅ እየቆራረጡ መሄዱ ይረክሳል አለች። የረከሰውን ጉልበቴ ከፈለው።

የርካሹን ወንበር ነገርማ አታንሱብኝ። ፊቴ ያለው ሰውዬ ወንበሩን ሲያጋድመው ሹሩባ ልሠራለት የተቀመጥኩ ነበር የሚመስለው። መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሁለት ሰው ማስነሳት አለብህ፤ ካስነሳህ በኋላ ደግሞ ወረፋው ላይ ቆመህ የሰው ማጅራት ታያለህ። ሰልማ እግራችን እንዳያብጥ ብላ እስከ ጉልበት የሚያጣብቅ ካልሲ በግድ አልብሳናለች፤ ጦይባ «ይሄማ መገነዣ ነው፣ ገና ሳልሞት» እያለች ታስቀናለች። ከመተላለፊያው ማዶ ያለው ጎረምሳ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ነው የመጣው። በኛ ጊዜ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ወላሂ ሠርግ የተጠራ ነበር የሚመስለው! ለመጀመሪያው ጉዟችን እኔና ጦይባ ደሴ ፒያሳ ከነበረ ልብስ ሰፊ ዘንድ አንድ ዓይነት ኮት አሰፍተናል። አባባ እዚያው ደሴ አራዳ ላይ ጨርቅ ይሸጥ ስለነበር ጨርቁ ከራሱ ሱቅ ነው፤ ድፍን ሰማያዊ፣ ገበሩ የሚያንሸራትት፣ ወገቡ ጥብቅ ያለ። ጫማችን ወፍራም ተረከዝ ነበረው፤ የጦይባ ቡናማ፣ የኔ ጥቁር። ጦይባ አፍሮዋን አበጥራ፣ ከላይ ስስ ሻሽ ጣል አድርጋ፣ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ስንወርድ ሰው ዞሮ ያያት ነበር። ሻይ ከነብስኩቱ በስሙኒ ይጠጣል። ከየሻይ ቤቱ ሬዲዮ ዘፈን ይወጣል፤ አንዱ ቤት ደጃፍ ላይ የጀመርነውን ዘፈን ሦስተኛው ቤት ደጃፍ ላይ እንጨርሰዋለን፣ ጦይባም አብራ እያንጎራጎረች ትሄዳለች። ድምጿ ሸጋ ነበር።

ዘመኑን አትጠይቁኝ። ከአገር መውጣት ጭንቅ የሆነበት፣ አንድ ማኅተም ለማስመታት ወር ሙሉ ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ነበር ብል ይበቃል። ለጦይባ ኦስሎ የነርስነት ትምህርት ተገኘላት። ጎበዟ እሷ ናት፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን ገፍቼ ገፍቼ የጨረስኩ ነኝ። አባባ ደግሞ «ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር አትሻገርም» አለና እኔን አጃቢ አደረገኝ፤ እማዬ ወርቋን አውጥታ ሰጠች። ችግሩ የኔ ቲኬት ከሮም ወዲያ ተጠባባቂ መሆኑ ነበር። የጦይባ ወንበር የተረጋገጠ ነው፤ የኔ ግን ቦታ ከተረፈ ነው። አባባ ይህን ሲሰማ ሁለታችንንም ፊቱ አስቀምጦ «አንዳችሁ አንዳችሁን ጥላችሁ አትሄዱም። ወይ አብራችሁ ትሳፈራላችሁ፣ ወይ አብራችሁ ትጠብቃላችሁ» አለን። ወላሂ ብለን ማልንለት።

ሮም ላይ ከጠዋት ጀምረን ጠበቅን። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሲጋራ ያጨሳል፤ ወንበሮቹ ብርቱካንማ ፕላስቲክ ናቸው፣ ኮታችን እንዳይጨማደድ ቆመን ነው የዋልነው ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ የዐስር ሰላት ደረሰ። ጦይባ ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ጫማዋን አወለቀች፣ ያን የመሰለ ኮቷን መሬት ላይ አነጠፈችና ቆመች። መንገደኛ ስለሆነች ሁለት ረከዓ ብቻ ነው የምትሰግደው። ሁለት ረከዓ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? አራት ደቂቃ? አምስት? ፓስፖርቷን ደረቷ ውስጥ ነው የያዘችው፤ ቦርሳውና ሁለቱ ቲኬቶች ግን እኔ ዘንድ ናቸው። ይህን ጊዜ በድምፅ ማጉያው «ሚስ ይመር» ሲል ሰማሁ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አባባ ሮም ምን ይሠራል? ሁለተኛ ሲጠራ ግን ገባኝና ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ሪዛም ነበር፣ ድካም ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ሚስ ይመር?» አለኝ። የስ አልኩ። አልዋሸሁም፤ ይመር ነኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁለት ነን ስለው አንድ ጣቱን አነሳ። አንድ። በሩ ሊዘጋ ነው፣ ቲኬት አምጪ አለኝ። ቦርሳውን ከፈትኩ። ሁለቱ ቲኬቶች ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ላይ ከይመር ቀጥሎ የጦይባ ቲ፣ አንዱ ላይ የኔ የዘይነባ ዜድ። ፊደሉን በጥድፊያ አላየሁትም ብዬ ለራሴ ስንትና ስንት ዓመት ስነግረው ኖሬያለሁ። አይቼዋለሁ። ቲ ያለበትን ሰጠሁት። ፓስፖርቴን ገለጥ አድርጎ ይመር የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈና መለሰልኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ይፈልጋል? የመሳፈሪያ ካርዱን እጄ ላይ አደረገው።

ወደ ጦይባ ተመለስኩ። ሱጁድ ላይ ነበረች፤ ግንባሯ ሰማያዊው ኮት ላይ ነው። የሚሰግድ ሰው አይነካም፣ አይጠራም፣ ፊቱ አይታለፍም ተብለን ነው ያደግነው፤ ይህችው ምክንያት ሆነችልኝ። ልጠብቃት እችል ነበር። በሩ ቢዘጋ ቢዘጋ ነው። የኔን ተጠባባቂ ቲኬት አወጣሁና ያወለቀችው ቡናማ ጫማ ውስጥ ከተትኩት፣ ቦርሳውን አጠገቡ አስቀመጥኩ፣ ሄድኩ። አልሮጥኩም እንኳ። ተራምጄ ነው የሄድኩት።

አውሮፕላኑ ላይ አልቅሻለሁ ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ምግብ ሲመጣ በላሁ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ዛሬም ድረስ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እንቅልፉ ነው። ኦስሎ ስደርስ በረዶ ነበር፣ ያ ያማረ ኮት ለደሴ ብርድ እንጂ ለዚያ አገር ብርድ የተሰፋ አይደለም። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍኩት ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ገበያ በገዛሁት አሮጌ የወንድ ካፖርት ነው፤ እጅጌው ከጣቴ ይረዝማል። ሆልምሊያ ያን ጊዜ ገና እየተሠራ ነበር፣ ግማሹ ብሎክ ግማሹ ጭቃ። ጦይባ ሦስት ቀን ሮም አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። በኔ ቲኬት ቦታ አልተገኘም፤ በሷ ስም ደግሞ አንድ ሰው በርሯል። በአራተኛው ቀን ወደ አገሯ መለሷት። ከዚያ በኋላ በሮች ሁሉ ተዘጉ፣ ማኅተሙም አልተገኘም፣ ወርቁም አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው። እኔ የትምህርት ቤቱን ቦታ አልወሰድኩባትም። ይህን ለደግነት እንዳትቆጥሩልኝ፤ ሰርተፊኬቱ በሷ ስም ስለሆነ ነው። የቀዶ ጥገና ዕቃ የሚታጠብበት ክፍል ገባሁና እዚያው አረጀሁ።

ለቤተሰቡ ደብዳቤ የጻፍኩት ብዙ ዘግይቼ ነው። ያችን ሰማያዊ የአየር ፖስታ ወረቀት ዘርግቼ ስንት ቀን ቁጭ እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ስማችን ሲጠራ ጦይባ የሱቅ መስታወት ልታይ ሄዳ ጠፋችብኝ። ፈልጌ ፈልጌ ሳጣት፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ እያለቀስኩ ገባሁ።» አባባ ደብዳቤ ሲደርሰው ጎረቤት ሰብስቦ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ይህ ነገር የቤተሰባችን ቀልድ ሆነ። ሠርግ ላይ ሙሽራ ሲዘገይ «ምነው፣ የጦይባ ኤርፖርት ሄደች እንዴ?» ይባላል። ገበያ ተልኮ የቆየ ልጅ «መስታወት ስታይ ነው አይደል?» ይባላል። ልጆቿ ሲወለዱ ልጆቿም ተማሩት። እኔም እዚህ ሆኜ በስልክ ሲያወሩልኝ አብሬ ስቄያለሁ። አንድ ቀን ሁለት ቀን አይደለም። ሁልጊዜ ነው የሳቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ሱጁድ ላይ ያለ ሰው ጀርባ ማየት አልችልም። ኦስሎ መስጊድ ስሄድ ቀድሜ ደርሼ ከሴቶቹ ፊተኛውን ረድፍ እይዛለሁ፤ ሴቶቹ ዘይነባ እንዴት ጠንካራ ናት ይላሉ። ጥንካሬ አይደለም፣ ከፊቴ ማንም እንዳይኖር ነው። ሆልምሊያ ባቡር ጣቢያ ሰማያዊ ኮት የለበሰች ልጅ ካየሁ የሚመጣውን ባቡር አሳልፋለሁ። ፊቷን እስካያት ድረስ አልሳፈርም፤ ፊቷን ሳያት ደግሞ ሌላ ሰው ናት። ዘንድሮ ጦይባን ልቀበል ኤርፖርት የሄድኩ ቀን እንኳ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ጎበጥ ያለች ሴትዮ አጠገቤ ቆማ «ዘይኑ!» እያለች፣ እኔ በሷ ትከሻ አሻግሬ ያችን ልጅ ነበር የምፈልገው። «ማንን ነው የምታዪው?» አለችኝ። «ማንንም» አልኳት። ሁለት ወር ሙሉ ሳሎኔ ውስጥ ስትሰግድ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጎብኚ ከወሎ መጣ እንጂ ተቆጣጣሪ መጣ ወይ?» እያለች ትስቅብኛለች። ኦስሎን ወዳዋለች። ሰዉ ዝም ማለቱ ብቻ ይገርማታል፤ ባቡር ውስጥ ሁሉም ስልኩን ሲያይ «ለቅሶ ላይ ናቸው?» ብላ በጆሮዬ ትጠይቀኛለች። ይህን ሁሉ ቀን ልነግራት እችል ነበር። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሁለቱ ወር አለቀ።

እንግዲህ ሳህኑ ጋ ተመለስን። ሰልማ አስተናጋጇን ጠርታ ሁለት ሃላል ነበር ያዘዝኩት ብላ ተከራከረች፤ ዝርዝሩ ላይ ግን አንድ ይመር ብቻ ነው ያለው፣ አንደኛው ተዘልሏል። «ስላፕ አቭ፣ ማማ፣ ተረጋጊ፣ ፊትሽ ነጭ ሆኗል፣ ሌላ ነገር ታመጣለች» አለችኝ። ጦይባ ግን ሳህኑን ወደ መሀል ሳብ አድርጋ ሩዙን በፕላስቲክ ማንኪያ እኩል ከፈለችው፤ ዶሮዋ ተለቅ ያለችበትን ወደኔ አደረገችው። ትንሽ ቆይቶ መስኮት ዝጉ ተባለ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው፣ እኛን ግን እንድንተኛ አጨለሙብን። ሰልማ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ አንቀላፋች።

«እትዬ» አልኳት።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ሮም ላይ ሱቅ አልሄድሽም ነበር።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሱቅ እንዳልሄድኩማ ከኔ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?»

«ቲኬቱ ያንቺ መሆኑን አውቄ ነው የሰጠሁት። ቲ የሚለውን አይቼዋለሁ። አንቺ ሰላት ላይ ነበርሽ፣ ስሄድ አላየሽኝም።»

«አይቼሻለሁ» አለች።

ሰላት ሲያልቅ ሰጋጁ አንገቱን ወደ ቀኝ ያዞርና ሰላም ይላል፣ ወደ ግራ ያዞርና ሰላም ይላል፤ በዚያ ይዘጋል። ጦይባ ፊት ለፊቷ ያለውን የወንበር ጀርባ እያየች ቀስ ብላ ነገረችኝ። «ወደ ቀኝ ስዞር በሩ ጋ ነበርሽ፣ ካርዱ እጅሽ ላይ። ወደ ግራ ዞሬ ስመለስ የለሽም።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም? እትዬ፣ ብትጠሪኝ እኮ…»

«ግራው ይቀረኝ ነበር።»

አለቀስኩ። ሰልማ እንዳትሰማ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። «ይቅር በይኝ» አልኳት፣ ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። ጦይባ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ግን አልሞቀኝም።

«ወንበሩን እዚያው ሮም ነው ይቅር ያልኩሽ» አለች። «በሁለተኛው ቀን። ልጅ ናት፣ ፈራች፣ ሄደች አልኩ። ቤት ስገባ ለአባባ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? የነበረው አንድ ቦታ ነው፣ ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። አንቺን ብሎ እኔን ነው የመረቀኝ። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ።»

ይህን አላውቅም ነበር። በአላህ፣ ይህን አላውቅም ነበር።

«ሰዉ ቤት ሙሉ ነው፤ አባባ ቆሞ ያነባል። መስታወቱ ጋ ሲደርስ ንባቡን አቁሞ አየኝ። ሂጂ አልኳት ብዬው የለ? ውሸታም ብሎ ቢሰድበኝ ምናለበት! አልሰደበኝም። አጥፎ ኪሱ ከተተው። በዓመቱ እዚያው ደሴ የረዳት ነርስ ሥልጠና ሲከፈት ልመዝገብ ብዬ ብለምነው ‹አንቺ መስታወት ስታዪ በሽተኛው ይሞትብሻል› አለኝ። ሰው ሳቀ። በዚያው ዓመት ዳሩኝ።»

«እውነቱን ለምን አልነገርሽውም?»

«ደብዳቤ ይዞ እኮ ነው ሰውዬው፣ ዘይኑ። ባሕር ማዶ ያለች ልጁ በእጇ የጻፈችውን ትቶ ማንን ይመን? ሲሞትም ከትራሱ ስር ነው ያገኘነው። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ልጆቼም ልጆች ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፣ አይደል? አርባ ምናምን ዓመት። አንጀቴ እያረረ» አለች።

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ያልሽውን አደርጋለሁ።»

«እኔ ምን አውቄ» አለችና እግሯን ወደኔ ገፋ አደረገች። «ይልቅ ይህን መገነዣ አውልቂልኝ፣ ደሜ ቆሟል።» በዚያ ጠባብ ቦታ አጎንብሼ፣ ራሴ የፊተኛው ወንበር ስር ገብቶ፣ ካልሲዋን ከሁለቱም እግሯ ሳብኩላት። ቀና ስል ተኝታለች፤ ወይም የተኛች መስላለች።

የቀረውን ጉዞ ፎቶው ላይ ብታዩት ደስተኞች ነን። ባንኮክ ጀልባ ላይ ነን፣ ኩዋላ ላምፑር ረጃጅሞቹ ፎቆች ስር ቆመናል፣ ሰልማ መሀላችን ገብታ ሁለታችንን አቅፋለች። ጦይባ ማንጎ ከነምኑ በልታ፣ ገበያ ተከራክራ፣ ነጋዴውን በአማርኛ አሸንፋ ዋለች። ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቃል አልደገመችም። እኔ ምግብ አስጠላኝ። በየኤርፖርቱ የማላውቀው ቻይናዊ ሲጠራ እንኳ ለመነሳት ይቃጣኛል። ዱባይ ደርሰን የሷ በር በአንድ በኩል፣ የኛ በሌላ በኩል ሲሆን፣ ምንም የማታውቀው ሰልማ «ማማ፣ ከፈለግሽ ያንተን… ያንቺን ቲኬት ልቀይረው? ከአክስቴ ጋር ደሴ ሂጂ፣ ሰዓት አለን» አለችኝ። የሷ አማርኛ እንደዚህ ነው። ጦይባ ቀና ብላ አየችኝ። ብሄድ ልጆቿ ፊት፣ የቀሩት ጎረቤቶች ፊት፣ አባባ ቆሞ ባነበበበት ሳሎን ውስጥ መናገር ሊኖርብኝ ነው። «አይ፣ ጉልበቴ አይችልም» አልኩ። ጦይባ «ተያት፣ ደክሟታል» አለቻት። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሰው መጥቶ ወሰዳት፤ ሁለተኛ ጥያት ሄድኩ፣ አሁንስ ልጅ ናት፣ ፈራች የሚለኝ ማን አለ?

ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አጣሁ። ፕሪንስዳል ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ኢድ ደረሰ። ሰልማ ከቫይትቬት፣ ከራሷ ቤት፣ ኬክ ይዛ መጣችና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ከአበባ ማስቀመጫው ጋር አስደግፋ በቪዲዮ ደሴ ደወለች። ሳሎኑ ጢም ብሏል። አዲስ ልብስ የለበሱ ሕፃናት፣ ምራቶች፣ ጎረቤት፤ ጦይባ መሀል ላይ ተቀምጣለች። ስልኩን የያዘው የበኩር ልጇ ሰይድ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፣ ጨዋታ ሲያውቅ ለጉድ ነው። ኢድ ሙባረክ ተባባልን። ከዚያ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አክስቴ፣ ስንት ኤርፖርት ነው እናታችንን ያዞርሽብን? አንዱም ላይ ሳትጠፋ መመለሷን እኮ ማመን አቃተን! ዱባይን የሚያህል አገር መስታወት የለውም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ጦይባ አብራ ሳቀች፤ ያን ሳቅ በድምፅ ብቻ ነበር የማውቀው፣ ፊቷን ሳየው ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። አፏ ይስቃል። ሌላው ፊቷ አይስቅም።

«ሰይድ፣ ልጄ» አልኩ። «ሳቁን ተዉት። እናትህ ኤርፖርት ጠፍታ አታውቅም። መስታወትም አላየችም። ስትሰግድ ነበር። የተጠራችው እሷ ናት፤ ወንበሩም የሷ ነበር። ቲኬቷን ወስጄ፣ ሱጁድ ላይ ጥያት የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ሰልማ የያዘችውን ሹካ አስቀመጠች። ስክሪኑ ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ብርጭቆ አፉ ያደረሰ ብርጭቆው አፉ ላይ ቀረ። ሰይድ ስልኩን ነቅነቅ አድርጎ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ሄሎ? አክስቴ? ኔትወርኩ ተቋረጠ መሰለኝ፣ ምስሉ ቆሟል።»

«አልተቋረጠም» አለች ጦይባ። እጇን ዘርግታ ስልኩን ከልጇ ተቀበለችው፤ ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። «ቀጥይ፣ ዘይኑ። ደብዳቤው ይቀርሻል።»